የኮርኒስ ክፈፍ፤ ከመሸፈኑ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ

ለእንግዳ የሚታየው የቤት ጌጥ ሶፋው፣ ቡፌውና መጋረጃው ነው። የቤቱ እመቤት ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት አንጋጣ የምታየው ኮርኒሱን ነው። የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ጣውላ እንደ ተንጋደደ፣ አይጥ በየት በኩል እንደሚሮጥ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ቀና ብለን ስለ ኮርኒስ፣ በተለይም ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን ስለሚዞረው ክፈፍ እንነጋገራለን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑኝ ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «እትዬ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ይኖሩ የነበረው በቀበሌ ቤት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ በሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳቸው ከሌላው ነገር ሁሉ አስቀድመው አሮጌውን የአቡጀዲ ኮርኒስ አስወርደው ቺፑድ አስመቱ። ዙሪያውንም በሚያምር የእንጨት ክፈፍ አስከበቡት። አናጢው ክፈፉን በረጃጅም ሚስማር መታው፤ የሚስማሩን ራስ በስቱኮ ደፈነው፤ በላዩም ቀለም ተቀባ። እንግዳ ሁሉ አደነቀ። እትዬም ደስ አላቸው።

ደስታው ግን ሁለት ዓመት አልሞላም። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በመልሶ ማልማቱ ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲነሣ የእርሳቸውም ቤት ከሚፈርሱት መካከል ሆነ። ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩ እትዬም ዕቃቸውን ጠቀለሉ። ክፈፉን ግን ትቶ መሄድ አላስቻላቸውም። ልጃቸው መሰላል ላይ ወጥቶ በመዶሻ ጀርባ ሲነቅለው እንጨቱ በሚስማሩ መስመር እየተሰነጠቀ ወረደ። ከሁለት ክፍል ክፈፍ ደኅና ሆኖ የተረፈው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። «ልጄ፣ የዕቁቤ ብር ዓይኔ እያየ ተሰነጠቀ» አሉኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱን ቤታቸውን ልጠይቅ ስሄድ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ከዚያም ወደ ባዶው ጥግ እያመለከቱ፣ «አንቺ የጻፍሽውን ሰው ያነባል ይባላል፤ እስቲ ንገሪኝ፤ ልድገመው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ዕለት የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አናጢዎችን፣ የጄሶ ባለሙያዎችንና ቀለም ቀቢዎችን እየጠየቅሁ የተማርሁትን ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ላሉ አንባቢያን እነሆ አቀርባለሁ።

ስሙና ጥንተ ነገሩ

ካዛንቺስና ኮርኒስ የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ በር የገቡ ናቸው። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዘው በቆዩበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዛ» ማለት ቤት ነውና የኢንቺስ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ካዛንቺስ ተብሎ ቀረ። ኮርኒስም እንዲሁ «ኮርኒቼ» ከሚለው የኢጣሊያ ቃል የመጣ ነው። ትርጉሙ ግን እኛ እንደምናውቀው የጣሪያ ሥር ሽፋን ሳይሆን ጠርዝ፣ ክፈፍ ማለት ነው። የጠርዙ ስም በእኛ ዘንድ ለመላው ሽፋን ተሰጠና ጠርዙ ራሱ ያለ ስም ቀረ ማለት ይቻላል።

በጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ሕንፃዎች ይህ ክፈፍ ከግድግዳው ጫፍ በውጭ በኩል ወጣ ብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ተግባሩም የዝናቡ ውሃ በግድግዳው ላይ እንዳይወርድ አርቆ መጣል ነበር። በኋላ ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ስንጥቅ መሸፈኛ ሆነ። እንግዲህ ከጌጥነቱ በፊት ሥራ ነበረው ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን ዓይንን ወደ ላይ የሚስብ ሥራ አዲስ አይደለም። እኛ ሴቶች በማንገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የእንስሳት ምስል በተቀረጸባቸው የእንጨት ገበታዎች የተሸፈነ ነው። በላስታ የሚገኘውና በ12ኛው መቶ ዓመት እንደ ታነጸ የሚነገርለት ይምርሐነ ክርስቶስም በግድግዳው የላይኛ ክፍል ትናንሽ መስኮት የመሰሉ ቅርጾች ተደርድረው ይታዩበታል። የጎንደርን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊትማ የማያውቅ የለም።

የአቡጀዲው ዘመን

ወደ መንደራችን ስንመለስ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ ጭቃ ቤቶች ዘንድ ኮርኒስ ሲባል ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ማለት ነበር። ጨርቁ በክፍሉ ልክ ይሰፋል፤ አራት ሰዎች ጫፍ ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፤ ከግድግዳው ጋር በቀጭን እንጨትና በትናንሽ ሚስማር ይያዛል። ያ ቀጭን እንጨት የድሃው ቤት ክፈፍ ነበር። ከጣሪያው የሚረግፈውን ጥላሸትና አቧራ ከወጡ ላይና ከአልጋው ላይ ይከላከላል። ግድግዳውም ጋዜጣ ይለጠፍበታል፤ ልጆች ፊደል የሚለዩትም ከዚያው ነው። ለዘመን መለወጫ አቡጀዲው ወርዶ ይታጠባል ወይም ይለወጣል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የእናቶች ሥራ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሠረት የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ሲሆኑ፣ የእነዚህ ቤቶች ዕለታዊ ጥገና እየዋለ እያደረ በነዋሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። ስለዚህ ብዙዋ እናት ገንዘቧን የራሷ ባልሆነ ቤት ኮርኒስ ላይ አውላለች። የእትዬ ጥያቄ እንግዲህ የእርሳቸው ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ ሕመሙን፣ ቀጥሎ ልብሱን

ያነጋገርኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ክፈፍ ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ስንጥቁ የተፈጠረው ቀለሙ ስላረጀ ከሆነ ክፈፉ ይበቃዋል። ግድግዳው እየሰመጠ፣ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ወይም ከላይ ካለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ውሃ እየሰረገ ከሆነ ግን ክፈፉ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጉዳቱን ከዓይንዎ ሰውሮ እንዲብስ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ክፈፍ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ክረምት ይጠብቁ። በሐምሌና በነሐሴ ኮርኒሱን በየጊዜው ይመልከቱ። ቡናማ ክብ የታየበትን ቦታ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩበት። ከሳምንት በኋላ ምልክቱ ከእርሳሱ መስመር አልፎ ከሆነ ፍሳሹ አልቆመም። ስንጥቅ ላይም እንዲሁ በሁለቱ ጫፎች በእርሳስ ጭረት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ከጭረቱ ካለፈ ክፈፍ ሳይሆን ግንበኛ ነው የሚያስፈልግዎ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በአሮጌ ቤቶች ሽቦው በኮርኒሱ ላይ ተጋድሞ፣ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ አንዳንድ ጊዜም አይጥ ልጦት ይገኛል። አቡጀዲም ሆነ ቺፑድ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ነገር ነው። ክፈፉ ዙሪያውን ከዘጋው በኋላ ይህን መመርመር ያስቸግራል። ስለሆነም መብራቱን ለሚያውቅ ሰው አስቀድመው ያሳዩ፤ በኮርኒሱም ላይ ሰው አንገቱን የሚያስገባበት መፈተሻ ክዳን ያስተዉ።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

በአሁኑ ጊዜ በገበያ የሚገኘው ክፈፍ በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል። እነርሱም የእንጨት፣ የጄሶና የፎም ናቸው።

የእንጨት ክፈፍ ለጭቃ ቤትና ለቺፑድ ኮርኒስ የተስማማ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሆድ አለው፣ ወገብ አለው። ቀጭን እንጨት ከግድግዳው ጋር ጥቂት ይታጠፋል። ክብደቱም ቀላል ነው። በሌላ በኩል እርጥብ እንጨት ከደረቀ በኋላ ይጣመማል፤ ምስጥም ይወደዋል። ሲገዙ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው እስከ ሌላው ጫፍ ይመልከቱ፤ ከተጣመመ ይተዉት። ከመመታቱም በፊት የማይታየው ጀርባው ሳይቀር ቀለም ይቀባ። ይህ እርጥበት እንዳይገባው ይረዳል።

ጄሶ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው። በዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን አካባቢ በብዛት ይገኛል። ድንጋዩ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውሃ አብዛኛውን ያጣና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው መልሶ ይጠነክራል። ክፈፉም በቅርጽ ማውጫ እየፈሰሰ የሚሠራው በዚህ ጠባዩ ነው። ጄሶ እሳትን ይቋቋማል፤ መጋጠሚያው ሲደፈን የማይታይ ስለሆነ መልኩ ያምራል። ነገር ግን ከባድና ተሰባሪ ነው፤ ረጅም ጊዜ ከረጠበም ይለሰልሳል። ስለዚህ ለብሎኬትና ለኮንክሪት ቤት እንጂ ለጭቃ ቤት አይመከርም። እንጀራ በሚጋገርበት፣ እንፋሎት በሚበዛበት ማድ ቤትም አይስማማም።

ፎም በዋጋ ርካሽ፣ በክብደት ላባ ነው። በኮላ ብቻ ይያዛል፤ በቢላ ይቆረጣል። አንድ ነገር ግን በብርቱ ልብ ይበሉ። ፎም እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ እየነደደም ይንጠባጠባል፤ ጭሱም መርዘኛ ነው። ቡታጋዝ፣ ከሰል ምድጃ ወይም ሻማ በሚበራበት ቦታ፣ በተለይም ማድ ቤትና መኝታ ቤት አንድ በሆነበት ቤት አያድርጉት። እንደ ቤንዚን የሚሸት ኮላም ፎሙን ይበላዋልና ኮላው ለፎም የተሠራ መሆኑን ጠይቀው ይግዙ።

ስፋቱና ልኩ

ክፈፍ ሰፋ ባለ መጠን ያምራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ዝቅ ባለ ቤት ሰፊ ክፈፍ ቤቱን የበለጠ ያሳጥረዋል። ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ40 እስከ 2 ሜትር ከ60 ለሆነ ቤት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወደ 3 ሜትር ለሚጠጋው ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ክፈፉን ከኮርኒሱ ጋር አንድ ዓይነት ነጭ ቢቀቡት ቤቱ ከፍ ያለ ይመስላል።

ልኩን ራስዎ ይለኩ። ለምሳሌ ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ቢሆን ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ለጥግ ቆረጣና ለብክነት ከአሥር አንድ እጅ ሲጨመርበት 16 ሜትር ተኩል ይሆናል። አንዱ ዘንግ 2 ሜትር ከ40 ከሆነ 7 ዘንግ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ይዛ ወደ ሱቅ የገባች ሴት «12 ዘንግ ያስፈልግሻል» ብሎ የሚያታልላት ነጋዴ አይኖርም።

አገጣጠሙ

የክፈፍ ሥራ ችግር ሁሉ ያለው ጥጉ ላይ ነው። ሁለቱ ዘንጎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ሲገጥሙ ቀጥ ያለ ጥግ ይሠራሉ። ግን የስንቱ ቤት ጥግ ቀጥ ያለ ነው? አናጢው አስቀድሞ ስኳድራውን በየጥጉ ያስገባ። ጥጉ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ቆረጣውም በዚያው ልክ ይለወጣል። በዘንጉ ላይ መጋዝ ከማሳረፉ በፊትም በቁራጭ እንጨት ይሞክር። በእኔው ቤት አንድ ሠራተኛ ይህን ሳያደርግ ሦስት ዘንግ አበላሽቶብኝ፣ የተረፈውን ክፍተት በስቱኮ ሞልቶት ሄደ። ስቱኮው በበጋው ደርቆ ተሰነጠቀና ጥጉ እስከ ዛሬ ጥርሱን እንዳሳየ ነው።

ቀጥሎ መስመር ይመታል። በውሃ ልክ ታይቶ በአራቱም ግድግዳ ላይ ክር ተወጥሮ ምልክት ይደረጋል። ኮርኒሱ ራሱ ያዘነበለ ከሆነ ግን ለዓይን የሚያምረው የኮርኒሱን መስመር መከተል ነው፤ አለዚያ በአንዱ ጥግ ሰፊ ክፍተት ይታያል። ሥራው ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ይጀመር፤ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነውና።

አያያዙን በተመለከተ፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ኮላ አይዝም፤ ሚስማርም ልስኑን ብቻ ከያዘ ይወድቃል። ክፈፉ መያዝ ያለበት ወይ በግድግዳው ውስጥ ባለው ቋሚ እንጨት ወይ ኮርኒሱን በተሸከመው ሞራሌ ላይ ነው። ግድግዳውን በጣትዎ እያንኳኩ ሲሄዱ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ እንጨት አለ። በኮንክሪት ግድግዳ ደግሞ በመሠርሠሪያ ተበስቶ ፊሸር ይገባና በብሎን ይታሰራል። በመጨረሻ መጋጠሚያው በስሱ ስቱኮ ይደፈናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ቀለም ይቀባል። አሮጌ የዘይት ቀለም ሲፋቅ በውስጡ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ውሃ አርከፍክፈው ያስፍቁት። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችንም ከአቧራው ያርቁ።

ቤቱ የራስዎ ካልሆነ

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ እንመለስ። የኪራይ ወይም የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ቤቱን ማሳመር የለበትም ማለት አይቻልም። ሕይወት የሚኖረው ዛሬ በምናድርበት ቤት ነው። ነገር ግን የራስ ባልሆነ ቤት ላይ የሚውል ገንዘብ ከባለቤቱ ጋር አብሮ መሄድ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ለዚህም መንገዱ ቀላል ነው። ክፈፉ የእንጨት ይሁን፤ በረጅም ሚስማር ከመመታት ይልቅ በካቻቢቴ በሚፈታ ብሎን ይያዝ። የብሎኑ ራስ በስቱኮ አይደፈን፤ ቀለም ብቻ ይቀባ። ዘንጎቹ እንዳይቀላቀሉ በጀርባቸው «ሳሎን፣ የመስኮት በኩል» እየተባለ ይጻፍ። የሚለቁበት ቀን ሲመጣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈትቶ ይወርዳል። አዲሱ ክፍል ጠባብ ከሆነ ይቆረጣል፤ ሰፊ ከሆነም ጥቂት ይጨመርበታል።

ከባለቤቱ ወይም ከአስተዳደሩ አስቀድሞ ማስፈቀድን አይዘንጉ። ከአናጢው ጋርም ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። ዋጋው በሜትር ነው ወይስ በክፍል? ጥግ ቆረጣው፣ ስቱኮውና ቀለሙ በዋጋው ውስጥ ነው ወይ? የተበላሸ ዘንግ የሚከፍለው ማን ነው? ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይክፈሉ፤ የመጨረሻውንም ጥጉን ሁሉ በቀን ብርሃን ሳያዩ አይስጡ።

ይህን ሁሉ ለእትዬ በስልክ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ለካ ጥፋቱ ከሚስማሩ ነው» አሉ። ግን አልቸኮሉም። አዲሱ ቤታቸው ከላይ ካለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ውሃ ያሰርግ ስለነበር፣ ጉዳዩን ከጎረቤታቸው ጋር ተነጋግረው አስጠገኑ። ከዚያም በእርሳስ ያሰመሩበትን ክብ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ ከረሙ። ክቡ አልሰፋም። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሳሎኑን ብቻ በእንጨት ክፈፍ አስከበቡ፤ በየግማሽ ሜትሩም አንድ ብሎን ታሰረ። ከካዛንቺስ የተረፈችው ክንድ የምታህል ቁራጭም አልተጣለችም። ከበሩ በላይ ባለው ጠባብ ቦታ ልክ ሆና ገባች።

ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው ካቻቢቴውን የት እንዳስቀመጡት አሳዩኝ። ከቡና ስኒዎቹ ጎን፣ በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው።